ከቅጠል ውስጥ ፈንገስ አውጥቶ ፀረ ተዋሲያን ኃይሉን መፈተሽ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ላብራቶሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ጤነኛ በሚመስል ቅጠል ውስጥ፣ በሴሎቹ መካከል ተሸጉጠው ተክሉን ሳያሳምሙ የሚኖሩ ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች አሉ። ኢንዶፋይት ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱ ሆርሞኔማ ነው፤ የእኛ ጽድ ዘመድ ከሆነው ከጁኒፐረስ ኮሚውኒስ ሕያው ቅጠል ተለይቶ ኢንፉማፈንጂን የተባለ ውህድ ተገኘበት። ውህዱ ካንዲዳ የተባለው በሽታ አምጪ ፈንገስ የሴል ግድግዳውን የሚገነባበትን ኢንዛይም ያግዳል። ኬሚስቶች አሻሽለውት ኢብሬክሳፈንገርፕ በሚል ስም የሚዋጥ መድኃኒት ሆነና በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ድሬዳዋን ጥላ ያለበሰው ኒምም ባዶ አይደለም፤ ከኒም ሥር ከወጣ ክሎሪዲየም ከሚባል ፈንገስ ጃቫኒሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ውህድ ወጥቷል።

ይህ መመሪያ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ጥርት ያለ ክብ፣ ማለትም ባክቴሪያው ያልበቀለበት ቦታ፣ ማየት ብዙም አያስቸግርም። ከባዱ ነገር ክቡ ከፈንገሱ መምጣቱን፣ ፈንገሱም በእርግጥ ከተክሉ ውስጥ መውጣቱን ማረጋገጥ ነው። ከዚህ በታች ብዙ ቦታ የወሰዱት የኮንትሮል (የማነጻጸሪያ ሙከራ) ጉዳዮች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ተክሉን መምረጥና መልቀም

ሃያ ዓይነት ተክል ነካክቶ ከመተው አንድ ወይም ሁለት ተክል መርጦ በደንብ መሥራት ይሻላል። በሐረርጌ ደጋ ጽድና ወይራ፣ በድሬዳዋ ቆላ ኒም፣ ሁመርና ቁርቁራ፣ በሁለቱም አካባቢ እሬት ጥሩ መነሻ ናቸው። አንድ ተክል በባህል ሕክምና መታወቁ ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው፤ የተክሉ መድኃኒትነት ግን ፈንገሱንም መድኃኒተኛ ያደርገዋል ማለት አይደለም።

ከአንድ ዝርያ ቢያንስ 5 ዛፍ፣ ከእያንዳንዱ ዛፍ 10 ያህል ቅጠልና ሁለት ሦስት እርሳስ የሚያክሉ ቅርንጫፎች ውሰዱ። ለጋ ቅጠል አትምረጡ። ኢንዶፋይቶች አብዛኛውን ጊዜ በስፖር አማካኝነት ከውጭ ስለሚገቡ፣ ቆየት ያለ ቅጠል ከቀንበጥ ይልቅ ብዙ ፈንገስ ይዞ ይገኛል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ባሉት ሳምንታት መልቀምም ከበጋው ይሻላል። ነጠብጣብ፣ ቢጫ ጠርዝ ወይም የነፍሳት ቀዳዳ ያለበትን ተዉት፤ ከዚያ የሚወጣው በሽታ አምጪው ሊሆን ይችላል።

የተረጨ ማሳ ውስጥ አትግቡ። በተለይ ጫት ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከአወዳይ ገበያ እስር ገዝቶ እንዳይጀምር፤ ምን እንደተረጨበት ማወቅ አይቻልም። ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ከነካው ቅጠል የሚወጣው ጥቂት ነው፤ የወጣውም የተክሉን ትክክለኛ ነዋሪ አይወክልም።

የተለቀመውን በወረቀት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን አድርጋችሁ ውሰዱ፤ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው በጋዜጣ ለዩት። ከሐረር ለቅሞ ወደ ድሬዳዋ ላብራቶሪ የሚወርድ ሰው ይህን ችላ ማለት የለበትም። ፌስታሉ ደንገጎን ሲወርድ መስኮት ሥር ከተቀመጠ ቅጠሉ ያልበዋል፤ በላዩ ያሉት ተራ ሻጋታዎችም መንገድ ላይ እያሉ መብቀል ይጀምራሉ። ሥራው በዚያው ቀን ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ግን አይገባም።

ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ቅርንጫፍ ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር ተጭኖ ይደርቅና ቦታው፣ ከፍታውና ቀኑ ተጽፎበት ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወይም አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኅደር) ይሰጥ። ተክሉ በትክክል ካልታወቀ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ሚዲያና አውቶክሌቭ

ለማውጣትም ለማሳደግም የድንች ዴክስትሮስ አጋር የተባለው ሚዲያ፣ ማለትም የፈንገሱ ምግብ፣ ይበቃል። የተዘጋጀው ዱቄት ካለ በሊትር 39 ግራም ነው። ከሌለ 200 ግራም ድንች ልጣችሁ ከትፉ፣ በንጥር ውሃ 30 ደቂቃ ቀቅሉ፣ በሻሽ አጥልሉ፤ 20 ግራም ዴክስትሮስና 15 ግራም አጋር ጨምሩና 1 ሊትር ሙሉ። የሐረማያና የቆምቦልቻ ድንች ለዚህ ግሩም ነው። የቧንቧ ውሃ ግን አይሆንም፤ የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ሚዲያው ይደፈርሳል፣ ፒ ኤቹም ይዛባል።

ባክቴሪያ እንዳያስቸግር በሊትር 100 ሚሊ ግራም ክሎራምፌኒኮል ጨምሩ፤ ሙቀት ስለሚችል ከሚዲያው ጋር አብሮ መቀቀል ይችላል። ስትሬፕቶማይሲን ግን በሙቀት ስለሚበላሽ በማጣሪያ ንጹህ ተደርጎ ሚዲያው ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ይጨመራል። አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙ፦ አንቲባዮቲክ የሚገባው በመጀመሪያው ማውጫ ሳህን ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ሳህንም ሆነ ፍላስክ ውስጥ ቢገባ፣ በኋላ የምታዩትን ክብ የሠራው ከፋርማሲ የመጣው ክሎራምፌኒኮል እንጂ ፈንገሱ አይሆንም።

ሚዲያና ዕቃ በግፊት እንፋሎት የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ ብዙ ሰው የማያስብበት የከፍታ ችግር አለበት። በመጽሐፍ የተጻፈው 15 ፒ ኤስ አይ ግፊት ለባሕር ጠለል ነው። ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1850 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የአየሩ ግፊት ቀንሷል። ሐረር ላይ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት 118 ዲግሪ ያህል ነው እንጂ 121 አይደርስም። 121 ለመድረስ ድሬዳዋ ላይ ጌጁ ወደ 17፣ ሐረር ላይ ወደ 18 መውጣት ይኖርበታል። ዕቃው ያን ግፊት የማይችል ከሆነ ሴፍቲ ቫልቩን መነካካት አያስፈልግም፤ በ15 ላይ 15 ደቂቃ የነበረውን 30 ደቂቃ አድርጉት። ሙቀቱን ራሱ የሚያሳይ ዘመናዊ አውቶክሌቭ ያለው ይህ አያሳስበው። በምግብ ማብሰያ ፕሬዠር የሚሠራ ግን አየሩን በደንብ አስወጥቶ፣ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ 5 ደቂቃ ከወጣ በኋላ ክዳኑን ይዝጋ። አየር ከቀረ ጌጁ የሚያሳየው ግፊት ከውስጡ ሙቀት ጋር አይገጥምም።

ላዩን ማጽዳት

የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ደረጃ ነው። የሚፈለገው የቅጠሉን ገጽ ፈጽሞ ገድሎ ውስጡን አለመንካት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ቅጠሉን በሚፈስ ውሃ 10 ደቂቃ እጠቡ። የመንገድ ዳር ኒም አቧራ ስለሚጠጣ በለስላሳ ብሩሽ ይታሽ። ከዚያ በንጹህ አየር ካቢኔ ውስጥ፣ ካቢኔ ከሌለ በቡንሰን እሳት አጠገብ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. 70 በመቶ አልኮል፣ 1 ደቂቃ።
2. የተበረዘ በረኪና፣ እንደ ቅጠሉ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፣ እየተናጠ።
3. እንደገና 70 በመቶ አልኮል፣ 30 ሴኮንድ።
4. በንጹህ ንጥር ውሃ 3 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ።
5. በአውቶክሌቭ በነጻ ወረቀት ላይ ማድረቅ።

አልኮሉን ለመሥራት ከ96 በመቶው 730 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በንጥር ውሃ 1 ሊትር ሙሉ። ሳይበረዝ አትጠቀሙበት፤ ውሃው ያነሰ አልኮል ተዋሲያንን በደንብ አይገድልም።

በረኪናው ላይ ብዙ ጥፋት ይፈጸማል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ቢጽፍም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በሙቀትና በብርሃን እየተበተነ ይሄዳል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ሱቅ በር ላይ የከረመ ጀሪካን ከጽሑፉ እጅግ የደከመ ሊሆን ይችላል። ጥላ ውስጥ የነበረና ቅርብ ቀን የተመረተ ግዙ፣ በጨለማ አስቀምጡ፤ የሚበረዘውም በዕለቱ ይበረዝ። 2 በመቶ ለማግኘት ከ5 በመቶው 40 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ በርዙ፤ የሰም ሽፋን ያለውን ቅጠል እንዲያረጥብ አንድ ጠብታ ትዊን 20 ጨምሩ። ትዊን ከሌለ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብታም ያገለግላል። በረኪናን ከአልኮልም ከአሲድም ጋር በአንድ ዕቃ አታቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ለመነሻ ያህል፦ እንደ ዳማ ከሴ ላለ ስስ ቅጠል 1 በመቶ ለ2 ደቂቃ፣ እንደ ወይራና ኒም ላለ ጠንካራ ቅጠል 2 በመቶ ለ3 ደቂቃ፣ ለቅርንጫፍና ለሥር ከ3 እስከ 4 በመቶ ለ5 ደቂቃ። እሬት አስቸጋሪ ነው። ዝልግልጉ ውስጥ በረኪና ቶሎ ስለሚገባ ቅጠሉ ሙሉውን ተጸድቶ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ፤ ከተቆረጠ በኋላ ማጽዳት ውስጡን ይገድላል።

አሁን ማረጋገጫው። ያለቀለትን ቅጠል አጋር ላይ ለ10 ሴኮንድ በስሱ ተጭናችሁ አንሱትና ሳህኑን እንደሌሎቹ አቆዩ። ከሦስተኛው እጥበት ውሃም 100 ማይክሮ ሊትር ሌላ ሳህን ላይ ዘርጉ። በሁለቱም ላይ አንድም ነገር ካልበቀለ ጽዳቱ ሠርቷል። አሻራው ላይ ጥቁር አስፐርጂለስ ወይም አረንጓዴ ፔኒሲሊየም ከበቀለ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ይጣል፤ ይህቺኛዋ ቅኝ (ኮሎኒ) ግን ከውስጥ የወጣች ትመስላለች እያሉ መምረጥ አይቻልም። በተቃራኒው አሻራውም ንጹህ ሆኖ ከቁራጮቹም ምንም ካልወጣ በረኪናው በዝቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ደቂቃውን፣ ቀጥሎ መጠኑን ቀንሱ።

ማብቀልና ማጥራት

የነጻውን ቅጠል ጠርዙን በንጹህ ስካልፔል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ በረኪናው በጠርዝ በኩል ገብቷል። የቀረውን 5 በ5 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ከትፉና በአንድ 9 ሴንቲ ሜትር ሳህን ላይ 4 ወይም 5 ቁራጭ አራርቃችሁ አስቀምጡ። ቅርንጫፍ ከሆነ ቅርፊቱ ተልጦ ውስጡ ለብቻ፣ ቅርፊቱም ለብቻ። ሳህኑን በፓራፊልም ዝጉና ከ25 እስከ 28 ዲግሪ አቆዩ።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ተራ ኢንኩቤተር ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ክፍሉ 34 ዲግሪ ከሆነ 26 ላይ ቢሞላም ውስጡ 34 ነው። ብዙ ኢንዶፋይቶች በዚህ ሙቀት ይቆማሉ፣ ሙቀት ወዳድ አስፐርጂለሶች ብቻ ይገንናሉ፤ ከዚያ የተክሉ ነዋሪ አስፐርጂለስ ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ማቀዝቀዝ የሚችል ኢንኩቤተር ከሌለ ኤየር ኮንዲሽነር ባለው ክፍል ሥሩ፤ ወይም የማውጣቱን ክፍል ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አድርጉት። ሐረር ላይ ይህ ጣጣ የለም። የሆነው ሆኖ ሳህኖቹ መካከል ቴርሞሜትር አኑሩ፤ በማሽኑ ቁጥር አትመኑ።

ሳህኖቹ በየቀኑ ይታዩ። ከቁራጩ ጠርዝ ነጭ ክር ብቅ እንዳለ፣ ሌላውን ሳይደርስበት ጫፉን ቆርጣችሁ አንቲባዮቲክ ወደሌለው አዲስ ሳህን አዛውሩ። ፈጣኖቹ በ3 ቀን ይወጣሉ፤ ዝግተኞቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ሳህኑን በአንደኛው ሳምንት የሚጥል ሰው ዝግተኞቹን በሙሉ አጥቷል፤ በኬሚስትሪ በኩል የተሻለ ተስፋ ያላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። እስከ 4 ሳምንት አቆዩ፣ አጋሩ እንዳይደርቅ ሳህኑ ከወትሮው ወፈር ብሎ ይፈሰስ።

ቅኝው አንድ ዓይነት እስኪሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫፍ እየተወሰደ ይዛወር። በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ የክር ጫፍ ብቻ ቆርጦ መውሰድ ከሁሉ አስተማማኝ ነው። ሳህን ላይ ቀጥ ያሉ የትንንሽ ቅኝ መስመሮች ካያችሁ ማይት የምትባል ጥቃቅን ተባይ እየተመላለሰች ነው፤ ሳህኑን ዛሬውኑ ቀቅላችሁ ጣሉ፣ መደርደሪያውንም በአልኮል ጥረጉ። ችላ ካላችሁ በሳምንት ውስጥ ስብስቡን በሙሉ ታቀላቅለዋለች።

የጠራው ፈንገስ ወዲያው ይቀመጥ። ኢንዶፋይት በተደጋጋሚ ሲዛወር ውህድ የማምረት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ በጥር የሠራ በሰኔ ባዶ ይሆናል። 20 በመቶ ግሊሴሮል ውስጥ ሆኖ በኔጋቲቭ 80 ዲግሪ ማኖር ጥሩ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ፍሪዘር ላይ ብቻ መተማመን አይገባም። ከ5 እስከ 10 የአጋር ቁራጮች ንጹህ ንጥር ውሃ ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ከትታችሁ በደንብ ክደኑ። በክፍል ሙቀት ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት ይቆያል፣ መብራትም አይፈልግም።

የመጀመሪያው ማጣሪያ

ብዙ ፈንገስ ካለ ሁሉንም በፍላስክ ማሳደግ አይቻልም። ከ10 ቀን ቅኝ 6 ሚሊ ሜትር ክብ ቁራጭ ቆርጣችሁ ባክቴሪያ በተዘራበት ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ውህዱ እንዲሰርግ በ4 ዲግሪ 4 ሰዓት አቆዩ፣ ከዚያ በ35 ዲግሪ ለ18 ሰዓት። ፈንገስ ያልበቀለበት የድንች አጋር ቁራጭም አብሮ ይቀመጥ።

ይህ ሙከራ ይዋሻል። ፈንገሱ አሲድ አምርቶ ከሆነ አሲዱ ራሱ ባክቴሪያውን ያግዳል፤ በቁራጩ ሥር ያለውን አጋር በፒ ኤች ወረቀት ንኩ፣ ከ5 በታች ከሆነ ተጠራጠሩ። ክብ ያልሠራ ፈንገስም ባዶ ነው አይባልም፤ ውህዱ አጋር ውስጥ የማይሰርግ ዘይታማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያውን ቅደም ተከተል ለማውጣት እንጂ ለመጣል አትጠቀሙበት።

ማሳደግና ማውጣት

ሁለት መንገድ አለ። በፈሳሽ፦ 1 ሊትር ፍላስክ ውስጥ 400 ሚሊ ሊትር የድንች ዴክስትሮስ ብሮዝ፣ ከ7 ቀን ቅኝ ጠርዝ 5 ቁራጭ፣ በ26 ዲግሪ ለ21 ቀን ሳይነቃነቅ፤ ወይም በደቂቃ 120 ዙር እየተናጠ ለ14 ቀን። በሩዝ፦ 100 ግራም ሩዝና 110 ሚሊ ሊትር ንጥር ውሃ በ1 ሊትር ፍላስክ ሌሊቱን ይዘፈዘፍና ይቀቀል፤ 5 ቁራጭ ተጨምሮ 28 ቀን። ሩዙ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዓይነት ውህድ ይሰጣል፤ ነገር ግን የራሱን ቅባት ይዞ ይመጣል። አንድ ፈንገስ በአንዱ ዝም ብሎ በሌላው ሊያመርት ስለሚችል ጊዜ ካለ ሁለቱንም ሞክሩ። በሁለቱም መንገድ ፈንገስ ያልገባበት አንድ ፍላስክ እኩል ቀን ይቆይ፣ እስከ መጨረሻውም እንደ አንድ ናሙና ይሠራበት። ይህ ፍላስክ የሌለው ሥራ ለመከራከር አቅም የለውም።

ፈሳሹን በሻሽ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት አጥልሉ። ሴፓሬተሪ ፈነል ውስጥ እኩል መጠን ኢታይል አሲቴት ጨምራችሁ 2 ደቂቃ ናጡ፤ በየመሃሉ ቧንቧውን ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ፣ በሙቀት ጊዜ ክዳኑ ይፈነጠራል። ላይ የሚቀረው ኢታይል አሲቴቱ ነው። 3 ጊዜ ድገሙ፣ የላይኛውን አንድ ላይ አጠራቅሙ። መሃል ላይ የማይለይ አረፋ ከተፈጠረ ሁለት ማንኪያ ንጹህ የገበታ ጨው ጨምሩና ተዉት፤ እምቢ ካለ በሴንትሪፊውጅ ይለያል። የፈንገሱን አካል ለብቻው በኢታይል አሲቴት ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ አንዳንዱ ውህድ ወደ ፈሳሹ አይወጣም። ለሩዙ ኢታይል አሲቴት አፍስሳችሁ ሰባብራችሁ ሌሊቱን አሳድሩ፤ ከደረቀ በኋላ በ90 በመቶ ሜታኖል አሟሙና በሄክሴን እጠቡ፣ ቅባቱ ከሄክሴኑ ጋር ይሄዳል።

በውሃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት አድርቃችሁ በሮታሪ ኢቫፖሬተር በ40 ዲግሪ አትንኑ፤ የሚቀረው ጭምቁ ነው። ድሬዳዋ ላይ የቧንቧ ውሃ ለኮንዴንሰር በቂ ቅዝቃዜ የለውም፤ ኢታይል አሲቴቱ ሳይመለስ በፓምፑ በኩል ወደ ክፍሉ ይወጣል፣ የቧንቧው ኖራም ጥቅልሉን ይደፍናል። ባልዲ ንጥር ውሃ በበረዶ አቀዝቅዞ በትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ማዞር ሁለቱንም ይፈታል። ኢታይል አሲቴት ከዜሮ በታች ባለ ሙቀት እንኳ በብልጭታ የሚነድ ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ ቡንሰን አይለኮስ።

ሥራው ሁሉ በብርጭቆ ዕቃ ይሁን። ኢታይል አሲቴት ከፕላስቲክ ውስጥ ፍታሌት የሚባሉ ማለስለሻዎችን ያወጣል፤ እነዚህም የፈንገስ ምርት ተብለው በስህተት የሚታተሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጭምቁን ለትንተና ስትሰጡ ዳይቡቲል ፍታሌት በዝርዝሩ አናት ላይ ከመጣ መጀመሪያ ፕላስቲክ ቱቦና ፌስታል ጠርጥሩ። ባዶው ፍላስክም ያንኑ ካሳየ ነገሩ አበቃ።

ክብ መለካት

ለዲስክና ለጉድጓድ ሙከራ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ኤ ቲ ሲ ሲ 25923፣ ኢ. ኮላይ 25922፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ 27853 የተለመዱ ናቸው (ቁጥሮቹ ኤ ቲ ሲ ሲ በተባለው የተዋሲያን ስብስብ ያላቸው መለያ ናቸው)። የሙለር ሂንተን አጋር በሊትር 38 ግራም ነው፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቢወፍር ክቡ ይጠባል። የባክቴሪያው ድፍርስነት ከ0.5 ማክፋርላንድ ጋር ይነጻጸር። መለኪያውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፦ 0.05 ሚሊ ሊትር 1.175 በመቶ ባሪየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ከ9.95 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር። ይህ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ነው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይዘራ።

6 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ቦርቡሩ፣ 50 ማይክሮ ሊትር ጭምቅ (በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም፣ ዲ ኤም ኤስ ኦ በተባለ ማሟሚያ፣ በ10 በመቶ) ጨምሩ። በዚያው ሳህን ላይ ዲ ኤም ኤስ ኦው ብቻውን፣ የባዶው ፍላስክ ጭምቅና 5 ማይክሮ ግራም የሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ ይኑሩ። በ25923 ላይ የሲፕሮፍሎክሳሲን ክብ ከ22 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ካልሆነ የዚያ ቀን ልኬት አይቆጠርም።

የክብ ስፋት የኃይል መለኪያ አይደለም። ትንሽ ሞለኪውል ቶሎ ሰርጎ ሰፊ ክብ ይሠራል፣ ትልቁና ዘይታማው ጉድጓዱ ዙሪያ ይቀራል። 18 ሚሊ ሜትር የሠራው 12 ከሠራው ይበልጣል ብሎ መደምደም ብዙ ጽሑፍ ላይ የሚታይ ጥፋት ነው። ለማነጻጸር ኤም አይ ሲ፣ ማለትም ባክቴሪያውን የሚያግደው ዝቅተኛ መጠን፣ ያስፈልጋል።

ኤም አይ ሲ በ96 ጉድጓድ ሳህን

ለዚህ ስታፊሎኮከሱ 29213 ይሁን፤ 25923 ለዲስክ ነው። ጭምቁን በዲ ኤም ኤስ ኦ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም አሟሙ፤ ከዚያ 20 ማይክሮ ሊትር በ980 ማይክሮ ሊትር ሙለር ሂንተን ብሮዝ። ይህ 2000 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ነው።

በጉድጓድ 1 ከዚህ 200 ማይክሮ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ደግሞ 100 ማይክሮ ሊትር ብሮዝ አድርጉ። ከ1 ወደ 2 መቶ፣ ከ2 ወደ 3 መቶ እያላችሁ እስከ 10 ውረዱ፤ ከ10 የተወሰደው 100 ይደፋል። 11 ላይ 2 በመቶ ዲ ኤም ኤስ ኦ ያለው ብሮዝ 100፣ 12 ላይ ንጹህ ብሮዝ 200። 0.5 ማክፋርላንዱን 150 ጊዜ በርዙና ከ1 እስከ 11 መቶ መቶ ማይክሮ ሊትር ጨምሩ። የመጨረሻው መጠን ከ1000 ጀምሮ እስከ 2 ማይክሮ ግራም ገደማ ይወርዳል፣ ባክቴሪያውም በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ይሆናል።

በደረቅ አየር የዳር ጉድጓዶች ስለሚተኑ ሳህኑን እርጥብ ሶፍት ካለበት የተከደነ ሣጥን ውስጥ በ35 ዲግሪ ለ18 ሰዓት አኑሩ። ከዚያ 30 ማይክሮ ሊትር የ0.02 በመቶ ሬሳዙሪን ቀለም ጨምራችሁ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ጠብቁ፤ ሰማያዊ የቀረው የመጀመሪያው ዝቅተኛ መጠን ኤም አይ ሲ ነው፣ ሐምራዊ ሮዝ የሆነው ባክቴሪያው ሕያው ነው። አንዳንድ ጭምቅ ያለ ባክቴሪያም ቀለሙን ይቀይራል፤ ጭምቅና ብሮዝ ብቻ ያለበት አንድ ረድፍ ለዚህ ይቀመጥ። ሲፕሮፍሎክሳሲን በኢ. ኮላይ 25922 ላይ በሚሊ ሊትር ከ0.004 እስከ 0.016 ማይክሮ ግራም መካከል መውደቅ አለበት። ለካንዲዳ ሚዲያው አር ፒ ኤም አይ 1640 ነው፣ ዘሩም በሚሊ ሊትር ከ500 እስከ 2500 ሴል ብቻ፤ የባክቴሪያውን መጠን ከዘራችሁበት ምንም ነገር አይገድለውም።

ለድፍድፍ ጭምቅ ከ100 ማይክሮ ግራም በታች የሆነ ኤም አይ ሲ መቀጠል የሚገባው ነው። ከ600 በላይ ያለውን ተዉት። ለጠራ ውህድ መስፈርቱ ከ10 በታች ነው። ግራም ኔጋቲቮቹ ውጫዊ ሽፋን ስላላቸው ስታፊሎኮከስን ገድሎ ኢ. ኮላይን አለመንካት የሚጠበቅ ነው፤ ሁለቱንም እኩል የገደለ ጭምቅ ሲያጋጥም ከመደሰት በፊት የሰውንም ሴል የሚገድል እንዳይሆን መፈተሽ ያስፈልጋል። የቀይ ደም ሴል መፈንዳት ሙከራ ወይም የአርቴሚያ እጭ ሙከራ ለመጀመሪያ ያህል በቂ ነው።

ፈንገሱ ማን ነው፣ ውህዱስ አዲስ ነው ወይ

በላክቶፌኖል ኮተን ብሉ ቀብታችሁ ስፖሩን እዩ። ስፖር የማይሠሩ ብዙ ናቸውና አይ ቲ ኤስ 1 እና አይ ቲ ኤስ 4 በሚባሉት ፕራይመሮች ፒ ሲ አር ሠርቶ ዲ ኤን ኤውን ማስነበብ የግድ ነው። ለአስፐርጂለስና ለፔኒሲሊየም ይህ ወገኑን እንጂ ዝርያውን በአስተማማኝ አይለይም፤ የካልሞዱሊን ወይም የቤታ ቱቡሊን ጂን ይጨመር። አስፐርጂለስ ፍላቨስ ከሆነ አፍላቶክሲን ሊያመርት ስለሚችል በጓንትና በማስክ ያዙት፤ በሩዝ ላይ የበቀለውን በተለይ ሳይቀቀል አትክፈቱም፣ አትጣሉም።

ከአስፐርጂለስ ፉሚጋተስ የሚመጣው ግሊዮቶክሲን፣ ከፉዛሪየም ቦቬሪሲን፣ ከኬቶሚየም ኬቶግሎቦሲን ሁሉም ተዋሲያንን ይጎዳሉ፣ ሁሉም የታወቁ መርዞች ናቸው። ጭምቁን ውህዶችን በሚለያይ የሲሊካ ሳህን (ቲ ኤል ሲ) ላይ በክሎሮፎርምና ሜታኖል 9 ለ1 አስኪዱ፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ለስላሳ አጋር አፍስሳችሁ በ35 ዲግሪ አሳድሩ፣ በማግስቱ ኤም ቲ ቲ የተባለ ቀለም ርጩበት። ባክቴሪያው ባለበት ወይን ጠጅ ይሆናል፣ የሚሠራው ውህድ ያረፈበት ነጥብ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጥቡ የት ከፍታ ላይ እንዳለ ከታወቀ ያን ክፍል ብቻ የሞለኪውሉን ክብደት ለሚለካው ለኤል ሲ ኤም ኤስ መላክ ይቻላል፤ ክብደቱ ከታወቀ መርዝ ጋር ከገጠመ ወራት ይተርፋሉ።

ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ ሰው ከመልቀሙ በፊት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቅ። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/2006 እ.ኤ.አ. ተክሉን ብቻ ሳይሆን ረቂቅ ተሕዋስያንንም ይጨምራል፤ በብልቃጥ ውሃ የተቀመጠ ፈንገስም ሆነ ከሱ የወጣ ዲ ኤን ኤ ያለ ፈቃድ በፖስታ አይሄድም። ዕውቀቱ ከአካባቢ ሰው ተጠይቆ የመጣ ከሆነ የማኅበረሰቡ ፈቃድም በጽሑፍ ይያዝ።